የማጅራት መርፌ ለማይግሬን፦ ከመወጋትዎ በፊት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ

እኛ ዘንድ መርፌ ክብር አለው። ክኒን ታዞለት ወደ ቤቱ የተላከ ሰው «ምኑን ታከምኩት!» ብሎ ያጉረመርማል፤ የተወጋ ግን ሕመሙ ባይለቀውም ታክሟል። ማጅራት ላይ የሚሰጠው የማይግሬን መርፌ ሲነሳ ግን ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ነቅሎ ይጣልልኝ» ብሎ ይሮጣል፣ ሌላው «አንገቴን ተወግቼ ሽባ ልሁን እንዴ!» ብሎ ይሸሻል። መርፌው ማይግሬንን ከሥሩ አይነቅልም፤ በሠለጠነ እጅ በቦታው ሲሰጥም ሽባ የሚያደርግ ነገር አይደለም። የሚያደርገው የከረረ ሕመም መስበርና ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ፋታ መስጠት ነው። በዚያ ፋታ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከመርፌው ይበልጣል፤ እሱም በአብዛኛው በእርስዎ እጅ ያለ ነው።

«ነርቭ ብሎክ» የሚባለው ሕክምና አሠራሩ አይወሳሰብም። ከአንገት የላይኛው ክፍል ተነስቶ በማጅራት በኩል ወደ አናት የሚወጣ፣ ታላቁ ኦክሲፒታል የሚባል ነርቭ አለ፤ በግራም በቀኝም አንድ አንድ። የጭንቅላታችን የኋላ ቆዳ ስሜት የሚሄደው በዋናነት በእሱ ነው። ሐኪሙ በነርቩ ዙሪያ ጥቂት ማደንዘዣ ያስገባል፦ ሊዶኬይን፣ ቡፒቫኬይን ወይም የሁለቱን ቅልቅል። የመርፌው ጫፍ ከራስ ቅል ውጭ ነው የሚቀረው፤ አንጎልም ኅብለ ሰረሰርም ጋ አይደርስም።

«እኔን የሚያመኝ ግንባሬንና ዓይኔን ነው፤ ማጅራቴ ምን አገባው?» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የግንባርና የዓይን አካባቢ ሕመም የሚጓዘው ትራይጄሚናል በሚባል ሌላ ነርቭ ነው። የሁለቱ ነርቮች መልእክት ግን በላይኛው የአንገት ኅብለ ሰረሰር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች እንደማለት ነው፤ በአንዱ ቤት ምጣዱ ሲነቀል የሌላውም መብራት ይረጋጋል። ማደንዘዣው ራሱ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል፤ የሕመሙ መርገብ ግን ከእሱ አልፎ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል።

መጀመሪያ ማይግሬን መሆኑን ያረጋግጡ

ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አይደለም፤ ማይግሬን የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይዞ ይዞራል። «ሳይነስ ነው» ተብሎ ዓመታት አንቲባዮቲክ የዋጠ፣ «ሚች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የታሸ፣ «ደም ግፊት ነው» ተብሎ የተለካና ግፊቱ ደህና ሆኖ የተገኘ ሰው በየቤቱ አለ። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይነሳል፣ ይወጋል፣ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፣ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። ወይ ያቅለሸልሻል፣ ወይ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ሰውየው መጋረጃ ዘግቶ፣ ራሱን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ይተኛል።

ከዚህ የተለየ ከሆነ የመርፌ ወሬ ይቆይና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በሴኮንዶች ውስጥ እንደ መብረቅ የመጣ፣ በሕይወትዎ አይተውት የማያውቁት ሕመም፤ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፤ አንድ ጎን እጅ ወይም እግር የሚያዝል፣ አፍ የሚያጣምም ወይም ንግግር የሚያኮላትፍ፤ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ፤ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ድንገት የመጣ ራስ ምታት አይጠብቅም። ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታትም በቶሎ መመርመር አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ማጅራት ማደንዘዝ ምልክቱን ጋርዶ ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ከዚያ ደብተር

ቀጠሮው እስኪደርስ፣ ቢቻል ለአንድ ወር፣ በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ራሴን አሞኛል ወይስ አላመመኝም፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ከአስር ስንት ይሰጠዋል፣ ምን መድኃኒት ስንት ፍሬ ወሰድኩ። ሴቶች የወር አበባ ቀናቸውን ይጨምሩ። ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም፤ ዝርዝር ሲበዛ ደብተሩ በሳምንቱ ይጣላል።

ይህ ደብተር ሁለት ነገር ይነግርዎታል። አንደኛው፣ ማይግሬንዎ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው ወይስ የሰነበተ? ከሦስት ወር በላይ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስዎን ካመመዎት፣ ከእነዚህም ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ካላቸው፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ማይግሬን ይሉታል። ሁለተኛው ይበልጥ ይጎመዝዛል፦ ሕመሙን የሚያበዛው ራሱ ማስታገሻው ሊሆን ይችላል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታንና ብዙ ንጥረ ነገር የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ መልሶ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። በየሱቁ ፍሬ በፍሬ ማስታገሻ በሚሸጥበት አገር ይህን ቁጥር ማለፍ ቀላል ነው።

ውጭ አገር ለምትታከሙ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሐኪሙ በሚያነበው ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት ጻፉ። «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ» የሚለው በአስተርጓሚ በኩል ሌሊት ሁለት ሰዓት ሆኖ ሲመዘገብ ሐኪሙ ወደ ሌላ የራስ ምታት ዓይነት ሊያስብ ይችላል።

ለሐኪሙ ምን ይናገራሉ፣ ምንስ ይጠይቃሉ

መርፌውን የሚሰጠው የነርቭ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ወይም የሕመም ሕክምና ሐኪም፣ አንዳንድ ቦታም በዚሁ የሠለጠነ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነው። የኢትዮጵያ የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። ስለዚህ ከክፍለ አገር ለሚመጣ ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ስልክ ደውሎ «ይህን መርፌ ትሰጣላችሁ? ዋጋውስ?» ብሎ መጠየቅ የአውቶቡስ ገንዘብ ያተርፋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሳችሁ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ የታላቁ ኦክሲፒታል ነርቭ መርፌ የክፍያ መለያ ቁጥር 64405 ነው። ቋንቋው የሚከብዳችሁ ከሆነም የልጃችሁን ትርጉም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከመወጋትዎ በፊት የማይደበቁ ነገሮች አሉ። ጥርስዎን ሲነቀሉ በተሰጠዎት ማደንዘዣ ታመው፣ አብጠው ወይም አሳክኮዎት ያውቃል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን ይወስዳሉ? ራስ ቅልዎ ተከፍቶ ኦፕራሲዮን ተደርገው ያውቃሉ? አጥንቱ የጎደለበት ቦታ ካለ ማደንዘዣው ወደማይፈለግበት ሊገባ ስለሚችል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስኳር ሕመም አለብዎት? ማጅራትዎ ላይ ቁስል ወይም እባጭ አለ? መርፌ ሲያዩ ራስዎን የሚስቱ ከሆነም አይፈሩ፣ ይናገሩ፤ ተኝተው ይሰጥዎታል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ በተለይ ይናገሩ። ብዙ የማይግሬን መድኃኒት በእርግዝና ስለሚከለከል ይህ መርፌ ለነፍሰ ጡሮች ጥሩ አማራጭ ይሆናል፤ ሐኪሞች ያን ጊዜ ከማደንዘዣዎቹ ሊዶኬይንን ያስቀድማሉ።

ሳይጠይቁ የማይወጉበት ጥያቄ ግን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ ቦታ ከማደንዘዣው ጋር ሜቲልፕረድኒሶሎን ወይም ትሪያምሲኖሎን የሚባል ስቴሮይድ ይቀላቀላል። ክላስተር ለሚባለው፣ በአንድ ዓይን ዙሪያ እንደ እሳት ለሚነድ ሌላ ዓይነት ራስ ምታት ስቴሮይዱ ጥቅሙ የታወቀ ነው። ለማይግሬን ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ ማይግሬን ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ማደንዘዣ ብቻ፣ ለግማሾቹ ማደንዘዣና ትሪያምሲኖሎን ሰጥቶ ሲያወዳድር ስቴሮይዱ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። ጉዳቱ ግን አለ። የተወጋው ቦታ ፀጉር ሊረግፍ፣ ቆዳው ሊሳሳና ሊሰረጉድ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ለቀናት ሊያሻቅብበት ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመም ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል። እኔ ብሆን «ዶክተር፣ ለእኔ ስቴሮይዱ ለምን አስፈለገ?» ብዬ መልሱን ሳልሰማ አልወጋም። በቂ ምክንያት የሚሰጡ ሐኪሞች አሉ፤ ጥያቄው ደግሞ ድፍረት አይደለም።

ከቦቶክስ ጋርም አያምታቱት። ቦቶክስ ለሥር ሰደድ ማይግሬን እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደ፣ በግንባር፣ በጆሮ ዙሪያ፣ በማጅራትና በትከሻ 31 ቦታ በየ12 ሳምንቱ የሚወጋ ሌላ ሕክምና ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

የቀጠሮው ቀን

ፀጉርዎን ታጥበው ይሂዱ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ አልኮሉም አይዝም፣ የሐኪሙ ጣትም ያንሸራትታል። ሹሩባ ከሆኑ ከኋላ ያለውን ይፍቱት፤ እግረ መንገዴን ልበልና፣ ጥብቅ ሹሩባ ቆዳውን እየጎተተ ራስ ምታት ማምጣቱ በዓለም አቀፉ የራስ ምታት ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ነው፤ ስለዚህ መልሰው ሲሠሩት ላላ ያለ ይሁን። ጥምጥም ወይም ሻሽ የሚያደርጉ በቀላሉ የሚፈታ ይሁን።

ባዶ ሆድዎን አይሂዱ። የሚያስተኛ ማደንዘዣ ስላልሆነ መራብ አያስፈልግም፤ የተራበ ሰው ደግሞ ቶሎ ራሱን ይስታል፣ ረሃቡም ማይግሬን ይቀሰቅሳል። ጾም ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ከተመገቡ በኋላ ያለውን ቀጠሮ ይጠይቁ። የዘወትር መድኃኒትዎን ይውሰዱ፤ ደም የሚያቀጥነውንም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ሲመለሱ መኪና የሚነዳልዎት ወይም ታክሲ ድረስ የሚሸኝዎት ሰው ቢኖር ደግ ነው።

ወንበር ላይ ተቀምጠው ግንባርዎን ጠረጴዛ ላይ ባለ ትራስ ወይም በክንድዎ ላይ ያሳርፋሉ። ሐኪሙ በጣቱ ሁለት ምልክት ይፈልጋል፦ ከኋላ መሐል ላይ የሚዳሰሰውን የራስ ቅል ጉብታና ከጆሮ ኋላ ያለውን አጥንት። ነርቩ ከመሐለኛው ጉብታ ወደ ጆሮ በሚሄደው መስመር ላይ፣ ሲሶ ያህል ሄዶ ይገኛል። እዚያ ሲጫን ብዙ ማይግሬን ያለበት ሰው «እሱ ነው፣ እሱ!» ይላል። አልኮል ይቀባል፣ ቀጭን መርፌ ይገባል፣ ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ለሴኮንዶች ያቃጥላል፣ ይወጥራል፤ አንዳንዱ ሕመሙ ወደ አናቱ ሲሮጥ ይሰማዋል። ከዚያ ጨርቅ ተደርጎ ይጫናል። ሁለቱም ጎን ቢወጋ እንኳ ሥራው የደቂቃዎች ነው። አንዳንድ ሐኪም እንደ ሕመሙ ቦታ ከቅንድብ በላይ ወይም ከጆሮ ፊት ያሉትን ትንንሽ ነርቮችም ይጨምራል፤ ፊት ላይ ግን ስቴሮይድ አይሰጥም።

አፍዎን ብረት ብረት ካለዎት፣ ጆሮዎ ከጮኸ፣ ከንፈርዎ ከደነዘዘ ወይም ልብዎ በኃይል ከመታ እዚያው ወዲያው ይናገሩ፤ ማደንዘዣው ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይነሱ ይቀመጡ።

በደቂቃዎች ውስጥ ከማጅራት እስከ አናት የተወጋው ጎን ይደነዝዛል። ይህ መደንዘዝ መርፌው ቦታውን እንዳገኘ ይመሰክራል እንጂ ማይግሬንዎ እንደተሸነፈ አይመሰክርም። በተቃራኒው ምንም ካልደነዘዘዎት ይህንኑ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ ሕመሙ ባይሻልዎት «መርፌው ለእኔ አይሠራም» ከማለት በፊት ነርቩ ጨርሶ ሳይነካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐኪሙ ያስብበታል።

ቤት ሲገቡ

የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎ አያውቅም። እስኪለቅዎት ካስክ ውስጥ አይግቡ፣ ትኩስ ውኃ በእጅዎ ሳይለኩ አያፍሱ፣ ሹሩባ አይሠሩ። የተወጋበት ቦታ አንድ ሁለት ቀን ቢያምዎት የተለመደ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይበቃዋል። አንዳንዱን በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታቱ ይብስበታል፤ ያልፋል። «አንገቱ ተጣሞበት ነው» ብለው ወጌሻ የሚጠሩ ቤተሰቦች ካሉ ግን ይከልክሏቸው፤ በዚያ ሳምንት አንገትዎን ማንም አይጠምዝዘው። ትኩሳት፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ የመተንፈስ ችግር ወይም የእጅና እግር መዛል ከመጣ ወደ ሐኪም ነው።

ፋታው ውስጥ የሚሠራው

መርፌው ሕመሙን ካበረደልዎት ቀጣዮቹ ሳምንታት ውድ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሲሻለው ሁሉንም ይረሳል፤ ሕመሙ ሲመለስ «መርፌው አልሠራም» ይላል።

በመጀመሪያ፣ ደብተርዎ ማስታገሻ እንዳበዙ ካሳየ የሚቀንሱበት ጊዜ አሁን ነው። ማስታገሻ ሲቋረጥ የሚያገረሸው ራስ ምታት ብዙውን ሰው ወደ ፋርማሲ ይመልሰዋል፤ መርፌው ያን ክፉ ሳምንት ለማለፍ ያግዛል። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ያለበትን የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ በአንድ ጊዜ አይጣሉት፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስወጣዎታል። ቡናም ከዚሁ ሂሳብ ነው። ሦስቱንም ጊዜ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው አንድ ቀን ቢቀርበት ራሱን ያመዋል። ቡና ይቅር አልልም፤ መጠኑና ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን ነው የምለው።

ሁለተኛ፣ የመከላከያ መድኃኒት። ሕመሙ በወር ብዙ ቀን የሚመላለስ ከሆነ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ቶፒራሜት የመሳሰሉት ይታዘዛሉ። እነዚህ ማስታገሻ አይደሉም፤ ባያምዎትም በየቀኑ ይወሰዳሉ፣ ውጤታቸው እስኪታይም ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሰው የሚያቋርጣቸው «ሁለት ሳምንት ዋጥኩት፣ ምንም የለም» ብሎ ነው። መርፌው የሰጠው ፋታ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ይሸፍናል፤ ለእኔ የመርፌው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። አስም ያለበት ፕሮፕራኖሎል፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን ያሰበች ቶፒራሜት አይስማማቸውምና ያለ ሐኪም አይጀመርም፤ ከጎረቤትም አይዋሱትም።

መመዘንና መድገም

ከአራት ሳምንት በኋላ ከመርፌው በፊትና በኋላ ያለውን ወር ጎን ለጎን ያስቀምጡና የታመሙባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። ከ20 ቀን ወደ 10 ከወረደ በጣም ጥሩ ነው፤ ሥር በሰደደ ማይግሬን ሲሶው ቢቀንስ እንኳ የሚናቅ አይደለም። ከ20 ወደ 18 ከሆነ ግን ደስ ያለዎት በመወጋትዎ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ፣ በከረረ ማይግሬን ድንገተኛ ክፍል ለመጣ አዋቂ ይህ መርፌ መቅረብ እንዳለበት በጠንካራ ቃል አስቀምጧል። ሕመሙን አስቀድሞ ለመከላከል ሲሰጥ ግን የጥናቶቹ ውጤት ይለያያል፦ በሥር ሰደድ ማይግሬን ጥሩ ውጤት ያገኙ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የማዮ ክሊኒክ ጥናት ደግሞ እውነተኛውን መርፌ ከተወጉትም፣ መድኃኒት የሌለው ለማለት የሚቀርበውን ከተወጉትም ከአስር ሦስት ያህሉ በእኩል ተሽሏቸው አግኝቷል። ስለዚህ ዳኛው የእርስዎ ደብተር ነው።

ከረዳዎት ይደገማል። ማደንዘዣ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ልዩነት ሊሰጥ ይችላል፤ ስቴሮይድ ካለበት ግን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር ያራርቁታል። አንድ ሁለቴ በትክክል ተወግተው፣ ማጅራትዎም ደንዝዞ፣ የቀናቱ ቁጥር ካልተንቀሳቀሰ ሦስተኛውን አይለምኑ፤ ገንዘቡን ለሌላ ሕክምና ያውሉት። የተወጉበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን አስጽፈው ይያዙ፤ ጉልበትዎን ወይም ትከሻዎን ሌላ ቦታ ስቴሮይድ ተወግተው ከሆነ እሱም እዚያው ወረቀት ላይ ይግባ፤ የማጅራቱ ሐኪም የጉልበቱን ሐኪም መርፌ በሌላ መንገድ ሊያውቅ አይችልም።